ከጉድጓዱ አፍ የተነሳች ኳስ

ጥቅምት 9

እታለም፣

ሰላምታ ባስቀድም «ወሬ አታስረዝም» ትዪኛለሽ፤ ሰላምታ ብተው ደግሞ «ባለጌ» ትዪኛለሽ። ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ልጨርሰው፦ እኛ ደህና ነን፣ ያንቺ ጤና እንዴት ነው፣ ሃንዲካፕ ማለት ደግሞ ለደካማ ተጫዋች የሚሰጥ ምርቃት ነው።

ደብዳቤሽን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ዕድሜ ልክሽን ጎልፍን «ትልልቅ ሰዎች ሳር ውስጥ ኳስ የሚፈልጉበት ሥራ» ስትዪ ኖረሽ፣ ዛሬ ከመሬት ተነስተሽ ስሌቱን በዝርዝር አስረዳኝ አልሽ። ምን ነካሽ ብዬ አልጠይቅም። የክለቡ የሃንዲካፕ ኮሚቴ ጸሐፊ ከሆንኩ ወዲህ ሚስቴ እንኳ ስለዚህ ነገር ጠይቃኝ አታውቅም፤ ጠያቂ ማግኘቴ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

እንግዲህ ስሚኝ። በጎልፍ የሚያሸንፈው ጥቂት የመታ ነው። የኛ ሜዳ አስራ ስምንት ጉድጓድ አለው፤ ጎበዝ ሰው በሰባ ሁለት ምት ይጨርሰዋል ተብሎ ይታሰባል። አባዬ ቀን ሲወጣለት በሰማንያ ሦስት ይጨርስ ነበር። ልዩነቷ አስራ አንድ ናት፤ የሱ ሃንዲካፕ ማለት እሷ ናት። ውድድር ሲሆን ከመታው ላይ ትቀነስለታለች፣ ለሌላውም የራሱ ይቀነስለታል፤ እንዲህ ሆኖ ጀማሪና አንጋፋ እኩል ይጋጠማሉ።

ቁጥሯን ግን ማንም ከኪሱ አያወጣትም። የአንድ ሰው የመጨረሻ ሃያ ጨዋታዎች ይያዛሉ፣ ከሃያው ምርጥ ስምንቱ ይለያሉ፣ ሜዳው ከባድ ወይም ቀላል መሆኑ ታይቶ ይስተካከሉና አማካያቸው ይወሰዳል። አስራ ሁለቱ መጥፎ ጨዋታዎች የት ሄዱ ትዪኝ ይሆናል። አይቆጠሩም፤ የሚለካው ሰውዬው ስንት እንደሚመታ ሳይሆን ስንት መምታት እንደሚችል ነው። ቁጥሩ ሲወርድ የሚከለክለው የለም፤ ሲወጣ ግን ልጓም አለው። በዓመት ውስጥ ከዝቅተኛው ቁጥርሽ ከአምስት በላይ መውጣት አትችዪም። ልጓሙ የተበጀው እያወቁ እያበላሹ ቁጥራቸውን ለሚያሳብጡ፣ ከዚያ በዋንጫ ቀን አንበሳ ሆነው ለሚመጡ አጭበርባሪዎች ነው።

የአባዬን ለጠየቅሽኝ፣ አዎ፣ ቁጥሩ ወጥቷል። ከአስራ አንድ አስራ አራት ደርሷል። እርጅና ነው ብዬ ነበር፤ አሁን ግን አንድ አመል አምጥቷል። ኳሷን ከጉድጓዱ አፍ ድረስ አምጥቶ፣ አንዲት እርምጃ ሲቀራት፣ ጎንበስ ብሎ ያነሳትና «ጣራውን ጻፍልኝ» ይላል። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ከዚህ በላይ አይጻፍም የሚባል ጣራ አለ፤ በዘወትር ጨዋታ ኳስ ማንሳትም ይፈቀዳል። በዋንጫ ላይ አይፈቀድም፤ እዚያ እስክትገባ ድረስ መምታት ግድ ነው። ግን ካነሳህ፣ ባታነሳት ኖሮ በስንት ታስገባት እንደነበር በሐቅ ገምተህ ነው የምትጽፈው። ከአንዲት እርምጃ ማንም በአንድ ምት ያስገባል። አባዬ ግን ጣራው እስኪሞላ ሦስት ጨምሮ ያስጽፋል። አብረውት የሚጫወቱት መተያየት ጀምረዋል።

ይሄ ደግሞ በማን ሲሆን እንደሚያስከፋ አንቺ ታውቂያለሽ። ዕድሜውን በሙሉ ገበያ ለገበያ እየዞረ የነጋዴ ሚዛን ሲፈትሽ የኖረ ሰው ነው። ከክለቡ አባላት ግማሹ የቀጣቸው ናቸው። ብረታ ብረቱ የምንለውን ነጋዴ አትረሺውም መቼም፤ ሚስማር ሲሸጥ ሚዛኑ ሥር ማግኔት የተገኘበት። ሱቁን ያሸገው አባዬ ነው። ያ ሰው አሁን አባዬ ኳስ ባነሳ ቁጥር ፈገግ ይላል።

በስልክ ያልነገርኩሽ አባዬ ከጎኔ ስለማይጠፋ ነው። የላክሽለት ጥቅል ደርሷል፤ ይዞት ክፍሉ ገባ። ምንድን ነው ብለው ካልሲ ነው አለኝ። እዚህ ካልሲ ጠፍቶ ነው?

ድንቡሼ ወንድምሽ (ድንቡሼነቱ አሁን ሆዴ ላይ ብቻ ቀርቷል)

*

ጥቅምት 28

ድንቡሼ፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። የሆስፒታሉ ፋርማሲ ሁለት ሰው ጎድሎበታል፤ የነሱንም ሥራ የምሠራው እኔ ነኝ። ስገባ እግሬን አንስቼ ወንበር ላይ ከማስቀመጥ ሌላ የምችለው ነገር የለም።

ያስረዳኸኝ ገብቶኛል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ዋንጫ ላይ ማንሳት አይቻልም ያልከውን ግን ከዚያም በላይ።

አስከትለህ በላክኸው አጭር ደብዳቤ ላይ «አባዬ የነገረሽ ነገር አለ ወይ» ላልከው፣ ምንም አልነገረኝም። ካልሲ ነው የላክሁት። ወፍራም ካልሲ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልለምንህ። ኳሱን ሲያነሳ ተወው። ከኋላው እየተከተልክ አትቁጠርበት። እንዲያውም ሌላ ሰው ይቁጠር፤ አንተ ልጁ ነህ። ሁለተኛ ደግሞ፣ ለኅዳሩ ዋንጫ እንዳይመዘገብ ምከረው። ጉልበትህ ነው፣ ብርዱ ነው፣ የፈለግከውን ምክንያት ፍጠር። ለምን አትበለኝ። አንዳንዴ ታላቅ የምትልህን ዝም ብለህ አድርግ፤ አንድ ጊዜ እንኳ።

ልጆቹን ሳሚልኝ በላት ለሚስትህ። ለአባዬ ሰላምታ አልልክም፤ እሁድ እሁድ እንነጋገራለን።

እህትህ

*

ኅዳር 20

እታለም፣

መከርኩት። ጉልበትህ አልኩት፣ ብርዱ አልኩት። «አባትህ ከመቼ ወዲህ ነው ከውድድር የሚቀር?» ብሎኝ ኮቱን ደርቦ ወጣ። ምክርሽ ይሄን ያህል ሠርቷል።

እንኳን ደስ ያለሽ። አባትሽ ዋንጫውን ወስዷል።

እስቲ ልቁጠርልሽ፤ ስሌት ትወጃለሽና። ኳስ እያነሳ ጣራ ሲያስጽፍ ከርሞ ቁጥሩ ልጓሙ ድረስ ሄዷል፤ አስራ ስድስት ገብቷል። በውድድር ከመቶ ዘጠና አምስቱ ብቻ ስለሚታሰብ የሚቀነስለት አስራ አምስት ምት ነው። ሰማንያ መታ። ሲጣራ ስድሳ አምስት። ሁለተኛ የወጣው ብረታ ብረቱ ነው፣ በስድሳ ዘጠኝ። አባዬ በድሮው አስራ አንድ ቢጫወት ኖሮ የሚቀነስለት አስር ነበር፤ ሰባ ይሆንና ዋንጫው የብረታ ብረቱ ይሆናል። ይሄን ለመደመር ጸሐፊ መሆን አያስፈልግም። በአዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በጣቱ ደምሮታል።

አመታቱን ብታዪ ደግሞ። ከአንድ እርምጃ፣ ከሁለት እርምጃ፣ ከአራት እርምጃ፣ ሁሉንም ቀስ አድርጎ አስገባ። ከእኔ ጋር ሲሆን ከጉድጓዱ አፍ የሚያነሳት ያቺው ኳስ። መጀመሪያ ላይ ደስ አለኝ፤ አልዋሽሽም። ስድስተኛው ጉድጓድ ላይ ስንደርስ ግን ገባኝና ከዚያ በኋላ ፊቱን ማየት አቃተኝ።

ሽልማቱ ላይ ጭብጨባው ለይስሙላ ነበር። አባዬ ዋንጫውን ጠረጴዛ ላይ ትቶ እጁን ኮቱ ኪስ ከትቶ ቆመ። ብረታ ብረቱ ከመሃል ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሚዛን ፈታሹም ማግኔት ገዛ» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እታለም፣ እኔም ከንፈሬ ሊያመልጠኝ ነበር። አባዬ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ወደ በሩ ሄደ። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ከአልጋ አልወረደም፤ አኩርፎ ነው ብዬ ምሳውን በር ላይ አስቀምጬለት ሄድኩ።

አቤቱታ ገብቷል። ኮሚቴው ታኅሣሥ 3 ይቀመጣል። ሊቀመንበሩ፣ እኚያ ጡረታ የወጡት ጠበቃ፣ የአባዬን ሃያ ጨዋታ አጠናቅሬ እንዳቀርብ አዘዙኝ፤ ዝምድናው ከከበደህ ሌላ ሰው ይሥራው ብለውኝም ነበር። እምቢ አልኩ። ለሰው ሁሉ በሐቅ የሠራሁትን ለአባቴ ስሆን ብሸሽ ነገ በምን ፊቴ ነው የሌላውን ሰው ቁጥር የምቆርጠው? አባዬ አጭበርብሯል ብዬ አምናለሁ። ይኸው ጻፍኩት። እንግዲህ ተሳደቢ።

ወንድምሽ

*

ኅዳር 27

ወንድሜ፣

አልሳደብም። አባዬ ታሟል።

እጁ ይንቀጠቀጣል። ቀኙ ይብሳል። የነርቭ በሽታ ነው፣ አይድንም፣ እየባሰ ነው የሚሄደው። ብቻውን ሐኪም ዘንድ ሄዶ አረጋገጠና ከክሊኒኩ በር ላይ ሆኖ ለእኔ ደወለልኝ። መድኃኒት ቤት ስለምሠራ እንጂ ለእኔም ባልነገረኝ ነበር። ለአንተ ትንፍሽ እንዳልል በእናታችን አስማለኝ፤ እኔም ማልኩ። የላክሁት ካልሲ አልነበረም። ክኒን ነው። ሲውጠው እጁን ለጥቂት ሰዓት ይይዝለታል፤ ከዚያ ይለቀዋል።

ዋንጫው እንዳይቀርበት ለዚያ ቀን እጥፍ አድርጎ ዋጠ። ትናንት በስልክ ጠየቅኩት፣ እየሳቀ አመነልኝ። ለዚህ ነው ኳሱ ሁሉ የገባለት። በማግስቱ ከአልጋ ያልወረደውም ለዚህ ነው። አላኮረፈም፤ መነሳት አልቻለም ነበር። አንተ ምሳውን በር ላይ አስቀምጠህ ሄድክ።

መናደዴን ልደብቅህ አልችልም። ሃያ ጨዋታውን አንድ በአንድ ደምረሃል፣ አብራችሁ አንድ ጠረጴዛ ላይ ትበላላችሁ፣ እጁን አላየህም? ሾርባ መብላት መቼ እንደተወ ታውቃለህ? እኔ ከዚህ ሆኜ ነው የምጠይቅህ።

ስለ ሃንዲካፕ የጠየቅኩህ ከቁጥሩ ላይ በሽታው ምን ያህል እንደገፋ ለማወቅ ነበር። እሱ «ደህና ነኝ» ነው የሚለኝ። ያንተ ስሌት ግን አልዋሸኝም። አስራ አራት ስትል አንድ ምሽት አለቀስኩ፤ አስራ ስድስት ስትል ልጓሙ ባይኖር ስንት ይሆን ነበር ብዬ ብቻ አሰብኩ።

አሁን ንገራቸው። መሐላውን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ አንተ የማልከው ነገር የለም። ሊቀመንበሩ ማረጋገጫ ከፈለጉ እኔ ራሴ እደውልላቸዋለሁ። አባዬ ከእኔ ጋር ይኳረፍ፤ ግድ የለም። ሌባ ተብሎ ግን አይቅር።

እህትህ

*

ታኅሣሥ 6

እታለም፣

ደብዳቤሽ ስብሰባው ሊደርስ ሲል ገባ። ጥቅምት ላይ ብትነግሪኝ ኖሮ ቁጥሩን በኮሚቴ አስወስኜ በስርዓቱ አስተካክልለት ነበር፤ ሕመም ላለበት ሰው ደንቡ መላ አለው። ማንም ሳያውቅ፣ በአንድ ፊርማ። «ምንም አልነገረኝም» ብለሽ ጻፍሽልኝ። እጁን አላየህም ላልሽው ደግሞ፣ አላየሁም። እጁን ኪሱ ከትቶ የሚሄድ አባት ሲበርደው ነው ብዬ ጓንት ገዛሁለት። ይሄን ስታነቢ ደስ ይበልሽ።

ወደ ስብሰባው ስንሄድ መኪና ውስጥ እታለም ነግራኛለች አልኩት። ስለ አንቺ አንድም ነገር ሳይናገር፣ ስለ ደንቡ ጀመረ።

«ባታነሳት ኖሮ በስንት ታስገባት ነበር ነው የሚለው፣ አይደል? አንተ ከአንድ እርምጃ በአንድ ታስገባለህ። እኔ ሦስት ይፈጅብኛል፤ አንዳንዴ አራት። ብቻዬን ወጥቼ ሞክሬዋለሁ። አንዲት ምት በውሸት አላስጻፍኩም።»

መኪናውን ዳር አስያዝኩ። እውነቱን ነው፤ ሃያውን ካርድ በራሴ ውስጥ መልሼ ስደምር አንዲት የተሳሳተች ምት የለችም። እኛ በኛ እጅ ለክተን አጭበርባሪ አልነው። ታዲያ ለምን ታነሳታለህ፣ ሦስቱንም አትመታም ነበር ወይ አልኩት።

«እንዳታዩኝ» አለ።

እነግራቸዋለሁ፣ አለቀ አልኩት። ያኔ ዞሮ አየኝ። እማዬ የተኛች ጊዜ ይመጡ የነበሩትን ጠያቂዎች ታስታውሳለህ ወይ አለኝ። በር ላይ ሲደርሱ ፊታቸውን አስተካክለው እንደሚገቡ፣ ሲወጡ ደግሞ ደረጃው ላይ ወሬያቸውን እንደሚቀጥሉ። ለእኔ ማንም ፊቱን አያስተካክልልኝም አለ። ሌባ ይሉሃል እኮ አባዬ አልኩት። ይበሉኝ፣ ሌባ ካሉኝ ይጣሉኛል፣ ከሰው ጋር መጣላት ደግሞ አሁንም እችላለሁ አለኝ። ካልተናገርክ እንግባ፣ ከተናገርክ ግን ያንተ ቤት ነው፣ እኔ ሻንጣዬን ይዤ እወጣለሁ ብሎ በሩን በግራ እጁ ከፈተ።

ልናገር ቆርጬ ነበር የገባሁት። ማመን ባታምኚኝም ቆርጬ ነበር። ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁሉም ተቀምጠዋል፣ ብረታ ብረቱ መስኮቱ ጋ። ካርዶቹን ዘርግቼ ተነሳሁ። አፌን ስከፍት አባዬም ተነሳ፣ ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ እንዳለ።

«ልጄን አታድክሙት። እያወቅኩ ነው ያበላሸሁት። ዋንጫውን ፈልጌው ነበር።»

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ። እርግጠኛ ነዎት ወይ ብለው ጠየቁት፤ ነኝ አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ጸሐፊ፣ የምትጨምረው አለ?» አሉኝ። አባዬ አላየኝም። ጠረጴዛውን ነበር የሚያየው።

«የለም» አልኩ።

ውሳኔውን የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። ዋንጫው ለብረታ ብረቱ ተላልፏል፣ አባዬ ለአንድ ዓመት ከውድድር ታግዷል፣ ሃንዲካፑ ወደ አስራ አንድ ተመልሷል። ሌላው ቢቀር ቁጥሩን ሲሰማ ከፋው ብለሽ አስበሽ ይሆናል። አልከፋውም። አስራ አንድ ሲባል ቀና ብሎ፣ ልክ ነው የሚል ይመስል ራሱን ነቀነቀ። እዚያ ክፍል ውስጥ ያቺ ቁጥር ውሸት መሆኗን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነበርን።

ስንወጣ ብረታ ብረቱ በር ላይ ጠበቀን። የሚሳደብ መስሎኝ ቀድሜው ልናገር ስል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እኔም ያኔ ችግር ላይ ሆኜ ነው ማግኔቱን ያደረግኩት፣ ሁላችንም ሰው ነን፣ ይለፈን አለና እጁን ዘረጋ። ከልቡ ነበር፤ ምስክር ነኝ። አባዬ እጁን ከኪሱ አላወጣም። ሰውዬው እጁን ዘርግቶ ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ ሰበሰበውና ከሌብነትህ ኩራትህ ይብሳል ብሎ ሄደ። አሁን በየሱቁ የሚወራው ይሄ ነው። ተሸንፎ እንኳ እጅ አይሰጥም እያሉ ነው።

ክኒኑን ትቷል። ለእታለም ምን ልበልልህ ብለው «ካልሲው ልኬ አይደለም በላት» አለኝ። እሁድ ስትደውዪ አያነሳም። ብታለቅሺም፣ ብትቆጪም፣ ወደዚህ ልምጣ ብትዪም አያነሳም። ይቅርታ ጠይቅልኝ ብትዪኝ ደግሞ፣ የማንን ይቅርታ ለማን እንደምጠይቅ ግራ ገብቶኛል።

ወንድምሽ

*

ታኅሣሥ 19

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። «የለም» ያልከውን ስደርስ ወረቀቱን አጥፌ ወጥቼ ተራመድኩ። ተመልሼ ስቀመጥ ልረግምህ ነበር ያሰብኩት፤ እስክሪብቶ ስይዝ ግን ጥቅምት ላይ የጻፍኩልህ «ምንም» ትዝ አለኝ። አልረግምህም። ይቅርም አልልህም፤ ካንተም አልጠብቅም።

አያነሳም ያልከው ስህተት ነው። ያለፈው እሁድ አነሳ። አንተ መስለኸኝ ስምህን ጠራሁ። አተነፋፈሱን ለየሁት። «አባዬ» አልኩት። ቀፎውን ሊዘጋው ሞከረ።

መዝጋት አልቻለም። ቀፎው ከስልኩ ጋር ሲጋጭ ይሰማኛል። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ፣ ከዚያ በተከታታይ፣ በር እንደሚያንኳኳ ሰው። ቦታውን አጣ። በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ ተወው መሰለኝ፤ መስመሩ ክፍት እንደሆነ ቀረ። እኔም አልዘጋሁም። ወንበሩ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። ሲያስለው ሰማሁ። ሳላየው ከቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ያን ቀን ነው አጠገቡ የተቀመጥኩት።

ከዚያ አንተ ገባህ። ማን ነው የደወለው ብለህ ጠየቅከው። «ማንም» አለህ።

ምን እንደምትል ጠበቅኩ። ቀፎው ተጋድሞ አይተኸዋል። እጁንም አይተኸዋል፤ አሁን ታውቃለህ። ጆሮህ ላይ አድርገህ ሃሎ እንድትል ብቻ ነበር የፈለግኩት።

እሺ አልከው። ቀፎውን አንስተህ ቀስ ብለህ፣ በልኩ፣ ቦታው ላይ ያስቀመጥከው አንተ ነህ።

እህትህ